ቁጥር ሃያ ዘጠኝ

መብራት ሄዶ ነበር ያን ሐሙስ አቬይሮ፣
የኮምፒውተሩ ክፍል በጨለማ ታጥሮ።
መምህርት ግራሲዬት ጠመኔዋን ይዛ
አወጣችን ከደጅ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ።
ሠላሳ ሁለት ልጅ ግድግዳ ታከን ቆምን፣
ከዜሮ ጀምራ በየደረታችን
ወረቀት ለጠፈች፤ ለእኔ የደረሰኝ
ከጫፉ ሦስተኛ፣ ቁጥር ሃያ ዘጠኝ።

ሁለት መስመር ቁጥር ሲሚንቶው ላይ ጻፈች፤
«ቬክተር ማለት ይህ ነው፣ የቁጥር ሰልፍ» አለች።
የላዩ የትናንት፣ የታቹ የዛሬ፣
አባቶች የዛቁት የጨው ቅርጫት ወሬ።

«አንድ ሰው ቢደምር እየዞረ ሁሉን
ይፈጅበት ነበር ከሰዓት ሙሉውን።
ትዕዛዙ አንድ ነው፣ ለሁላችሁ እኩል፦
ቁጥርህን እይና ከፊትህ ዝቅ በል፣
የላይና የታች ደምር፣ ጻፍ፣ ተነሣ፤
የጎረቤትህን ሂሳብ ግን አታንሣ።»

ገባኝ ወዲያው ነገሩ፤ አባቴ ጨው ሲዝቅ
ፀሐይ መደብ ሁሉ ባንዴ ነው የምታደርቅ፤
ይቺን ጨርሼ ወደዚያች ልሂድ አትልም።

አንዴ አጨበጨበች።
ሃያ ዘጠኝ ጀርባ ባንድ አፍታ ጎበጠ፣
የጠመኔው ፍጭት ከነፋስ በለጠ።
ከእኔ እግር ሥር ባዶ፤ መስመሩ አብቅቷል፣
ሃያ ስምንት ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ተጨርሷል።
እኔ ተገተርኩኝ፤ ዙልሚራም ሳቀች፣
ሠላሳ አንድ ቁጥሯን በእጇ እየሸፈነች።

ሠላሳው ቶሜ ግን ሥራ አጣሁ አይልም፣
እጁን አጣጥፎ መቆም አይሆንለትም፤
ከዓሣ ሻጯ በር ላይ የሰርዲኑን ዋጋ
ከቤት ቁጥሯ ደምሮ ጻፈው እዚያው በሯ ጋ።
አንዲት ባልቴት መጥታ ዋጋውን አነበበች፤
«ሰርዲን መቶ ሦስት?» ብላ አማተበች።

መምህርት ግራሲዬት ሳቋን ዋጥ አድርጋ
«ማሽን አይጠይቅም፣ ይህ የማን ነው ዋጋ፤
ወሰን ካልነገርከው የሰው በር ይጽፋል፣
የጻፈው ስሕተትም እውነት መስሎ ያድራል።»
ጎንበስ አለችና አንድ ሐረግ ጨመረች፤
«ቁጥርህ ከርዝመቱ ካነሰ ብቻ» አለች።

ያቺ ሐረግ ለእኔ ናት።
«ለምን ጠራሽኝ ታዲያ?» አልኳት አኩርፌ።
«ጥሪው በጅምላ ነው፤ አይጎድልም ሰልፌ።»

መብራቱ ሲመጣ ኮዱን ጽፈን ሰጠን፤
ጣታችን ከቁልፉ ገና ሳይነሣልን
መልሱ ተደረደረ፣ ሃያ ዘጠኝ ድምር።
ክፍሉ በጭብጨባ፤ እኔ ግን ከዳር፣
ከመልሱ ማዶ ያሉ፣ ምንም ያልጻፉ፣
ተጠርተው የመጡ፣ ቆመው ያለፉ
ሦስቱን ፈለግኋቸው።

አይታዩም።
አንዷን ግን አውቃታለሁ።