ብድር በምድር

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ተቆርጦ ጥቁሩ ዋልካ በሚጀምርበት፣
ደብተር ይዤ ቆሜያለሁ ከንጋት፤
ሥራዬ መቁጠር ነው፦ የማን ዶማ፣ ስንት ሜትር፣ በስንት ሰዓት።

ዳንታሞ፣ ከሆሳዕና የመጣው፣ አሥራ አንድ ከግማሽ።
ኤርጎጌ ዘጠኝ፤ የቆሰለ መዳፏ ላይ የተጠመጠመው የራሷ ሻሽ።
ሌንጂሳ አሥራ ሁለት። ይህ ሜዳ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበረ፤
«እኔ ልቆፍር፣» ይላል፣ «አውቃለሁ ድንጋዩ የት እንደተቀበረ።»

ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ጣት ታህል ቢጎድል ክፍያ የለም፤
መሐንዲሱ በዘንጉ ወግቶ ካላየ፣ ቢምሉለትም አያምንም።
ዋልካ ደግሞ ጠባዩ ሁለት ነው፦ በክረምት አካፋ ሲነጥቅ፣
በበጋ አፉን ከፍቶ እግር ሲጠብቅ።

አንድ ረቡዕ ነጭ መኪና ቆመ። ጫማቸውን በላስቲክ የጠቀለሉ
ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ አንዱ አበዳሪ ነው አሉ።
ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆኖ በአስተርጓሚ ተናገረ፣
«ሃያ ዓመት፤ አምስቱ የእፎይታ» እያለ በጣቱ ቆጠረ።
ዳንታሞ ከታች፣ ላቡን በክርኑ እየጠረገ፣
«እፎይታው ለማን ነው?» ሲል ከእኔ ሊያውቅ ፈለገ።
«ለአገር፣» አልኩት።
«እኔ ለምሳ መስሎኝ፣» አለና ዶማውን አጠበቀ፤
አበዳሪው፣ ሳይተረጎምለት፣ አብሮን ሳቀ።

ማታ፣ በቆርቆሮዋ ክፍሌ፣ ከደብተሩ ጀርባ ላይ፣
ዶላሩን በብር መትቼ፣ ለሜትር አካፍዬ ባይ፣
አገር ለአንድ ሜትር የተበደረችው የዳንታሞን የወር ምንዳ፤
ዳንታሞ ለአንድ ሜትር የሚያገኘው ሽሮና ሻይ።
የሰረቀ አለ አላልኩም። ገመዱ ከባሕር ማዶ ነው፤ መርከብ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ወለድ አለ፤
ሒሳቡ ልክ ነው። እንቅልፍ ብቻ እምቢ አለ።

ክሯን ያየኋት ምንትዋብ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ስትበይድ።
ቱቦው ተልጦ፣ ቅባቱ ተጠርጎ፣ ከሁሉ መሐል አንዲት መስታወት፣
የሕፃን ጸጉር ወፍራም የሚመስልባት።
«አትተንፍስ፣» አለችኝ፤ ሁለት ጫፍ አፋጠጠች፤
ብልጭ። አንድ ሆኑ። ቀና አለች።
«በዚህች ምን ያልፋል?»
«ሁሉም። የባንክ ሒሳብ፣ የሐኪም ራጅ፣
ሐሜት፣ ፈተና፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ አዋጅ።»
ስልኬን አወጣሁ፤ አንድም መስመር የለው።
«እዚህ አይወርድም፣» አለች፣ «እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አላፊ ነው።»

ኅዳር ሲገባ፣ አንድ ሌሊት ቆረጡት።
መዳብ መስሏቸው ሦስት ሜትር ጎትተው፣ መስታወት ቢሆንባቸው ጣሉት።
ባንኩ «ሲስተም የለም» አለ፤ ጤና ጣቢያው በወረቀት ዋለ፤
ዘበኛው ስም አልጠራም፣ «የሰፈር ልጅ ነው» ብቻ አለ፤
ይህን ሲል ሌንጂሳን አየ።
ሌንጂሳ መሬቱን አየ።

ምንትዋብ ከአንደኛው ጫፍ ቀይ መብራት ለቀቀች፤
ከተበጠሰበት፣ ከጭቃው ውስጥ፣ ቀይ ነጥብ ፈለቀች፤
እንደ ቁስል አይደለም፣ እንደ ከሰል፣
አመድ ተገልጦ እንደሚታይ ፍም ያህል።

በማግስቱ ስደርስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሌንጂሳ ብቻውን እስከ ደረቱ ጠልቋል፤
ሦስቱን ሜትር ዳግም ቆፍሮ፣ ወለሉን አሸዋ አልብሶ ጨርሷል።
እስክሪብቶ አወጣሁ።
«ይቺን አትቁጠራት፣» አለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።
ታናሽ ወንድሙን አውቀዋለሁ። አልጠየቅኩትም፤ አልነገረኝም።

ብድር በምድር ሲሉ ከልጅነቴ እሰማ ነበር፤
ጥልቀቱን ግን ማን ነገረኝ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ሲቆፈር።

ከስሙ ትይዩ ያለውን ሳጥን ባዶ ተውኩት።
ወር ሲያልቅ ሒሳብ ሹሟ በቀይ ከበበችና፣
«ይሄስ?» አለችኝ።
«ተከፍሏል፣» አልኳት።