ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ሰኞ ሊነጋጋ ጥሩምባው ሲነፋ፣
ድንኳን የሚያወጣ ከሰፈሩ ጠፋ።
ወንዱ ተኮልኩሎ ከዕቃ ቤቱ በር፣
«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» ይባባል ነበር።
ማንም አልመለሰ፤ ሁሉም ያውቃልና፣
ቁልፉ ካንዲት ወገብ ወርዶ አያውቅምና፤
ሃያ ስምንት ክረምት ሟች ሁሉ ሲጠራ
ድንኳን ያስወጣች ሴት፣ ዛሬ የሷ ተራ።

እመት አንጓች። የደምበጫዋ፣ የላይኛው ሰፈር።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ፣ የሒሳብ መምህር፣
መዝገቤን ዘርግቼ ቤት ቤቱን ስደምር፣
እሷ ቅል ታቅፋ ትመጣለች ቀስ ብላ፤
ላንድ ቤት አንድ ፍሬ፣ የደረቀ ባቄላ።
የከፈለ ሰው ፍሬ ቅሉ ውስጥ ይወድቃል፤
ያልከፈለ ሰው ፍሬ መቀነቷ ጫፍ ላይ፣ ከቁልፉ ጋር ያድራል።
ወሩ ሲያልቅ ግን፣ እኔ ሰባት ባለዕዳ ስቆጥር፣
የሷ ቋጠሮ ባዶ፣ ቅሏ ሙሉ ነበር።
«ተሳስተዋል» አልሁ፣ ጉባኤ ፊት ቆሜ፤
(ዛሬም ያ ድምፄ ይመጣል በሕልሜ።)
ቀና ብላ አየችኝ።
«ልጄ፣ ያንተ መዝገብ የከፈለ ይቆጥራል፤
የኔ ቅል የሚሞት። ሟች ደግሞ ማን ይቀራል?»
ሳቅን ሁላችን። ለካ የጌሾዋ ሽያጭ ገንዘብ
ሰባት ቤት ነበረ፣ ማንም ሳይገነዘብ።

ከቀብር ማግሥት ሁሌ፣ ሰው ወደ እርሻው ሲሄድ፣
እሷና ማንጠግቦሽ፣ ትርንጎና ደብሬ፣ በአሸዋና በአመድ
ተምጫ ዳር ወርደው ድስቱን ሲፈትጉ፣
ማን ቆንጆ እንደነበር ሲከራከሩ፣ ወንዙን በሳቅ ሲያናጉ፣
የሰማ መንገደኛ
ሠርግ ያለ ይመስለው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ያ ቁልፍ ወረደ፦
በክንድ መሬት ሰበብ ፀብ እየነደደ፣
አላምረውና ቢሻው፣ የእህትማማች ልጆች፣
ጠመንጃ ሲያቀባብሉ ከሐምሌ ዳመና ሥር፣
ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እሷ በከዘራዋ፣ ጭቃውን እየለየች፣
መሐላቸው ደረሰች፤ መቀነቷን ፈታች፤
መሬት ላይ ዘረጋች።
ቁልፉ ድንጋይ ነካ። ቃጭል አለ። ዝም አሉ።
«ይኸው የድንኳኑ ቁልፍ! እኔ አላነሣውም።
ገዳይ ያንሣውና ድንኳኑን ይትከል፤
አክስቱ ስታለቅስ እሱ ንፍሮ ይቀቅል!»
ብዙ ቆሙ። ዝናቡ ጀመረ።
ቢሻው ነው በመጨረሻ፣ ጭቃውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣
በሁለት እጁ የሰጣት፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።

ዛሬ ገናዦቹ ሲወጡ፣ ከሁሉም ኋላ
ማንጠግቦሽ መጣች፣ እጇ እንደረጠበ፣ መቀነት አንጠልጥላ፦
«ቋጠሮው እምቢ አለኝ፤ በጥርሴ ፈታሁት፤
ለዚህ ኖሯል ለካ ሁለቷን ያቆየሁት።»
ውስጡ ቁልፉ ነበር። ከቁልፉም ጋር ሦስት ፍሬ።

ከፈትን። ድስቱ ተደፍቶ በየመጠኑ፣
በነጠላዋ ክር ተጥፎ ድንኳኑ፣
ቅሉ ከመስኮቱ ሥር፣ ሙሉ ሊሆን ሦስት ሲቀረው።

ማታ ሰው ሲበተን እጄን ዘረጋሁ፤
«ቁልፍ በጸሐፊ ይያዝ» ይላል ደንቡ፣ ራሴ ነኝ የጻፍሁ።
ማንጠግቦሽ አየችኝ ከእግሬ እስከ ራሴ፦
«ኪስ ይቀደዳል» አለች። እጄን መለስሁ ወደ ኪሴ።
ወገቧ ላይ ቋጠረችው።
ፍሬዎቹን ግን ለኔ ሰጠችኝ፤ አንድም ቃል አልጨመረች።

ሌሊት መዝገቤን ገልጬ፣ ከሦስቱ ቤት ስም ፊት
«ከፍሏል» ብዬ ጻፍሁ፤ የጎደለውን ከደመወዜ ሞላሁት።
«በማን እጅ» የሚል ዓምድ አለ፤ ባዶ አይተውም።
ብዕሬን ይዤ ቆየሁ።
ስሟን ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።
አንዲት ፍሬ ባቄላ ሣልሁበት፣
ከሥሯም ሁለት።