አንዲት ቋጠሮ

ሠላሳ አንድ ዓመት አቃቂ ክር ፋብሪካ፣
የተበጠሰ ስቀጥል፣ የላላ ስለካ፣
መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ጣቴ ሳይሳሳት፣
ጥጡን ከናይለን፣ ናይለኑን ከሐር ሲለይ በዳበሳ ብልሃት፤
የማላውቀው አንድ ክር
ሆዴ ውስጥ ነበር።

በሰባ ስምንት ፊያት ገጭቶኝ፣ ፊኛዬ ተቀዶ የገባሁ ለታ፣
የሰፋኝ ሐኪም አይወቀስ፤ የሚሟሟው ክር ከመጋዘን ታጣ፤
በጥቁር ሐር ሰፋኝ። ደግ አድርጎ ሰፋኝ። ቁስሉ ዳነ፤
ክሩ ግን እንግድነቱን ረስቶ ባለቤት ሆነ።

የኛ ሰፈር ውሃ የጉድጓድ ነው፤ ማንቆርቆሪያውን ያየ ያውቃል፣
ቢፈገፍጉት ቢፈገፍጉት ሆዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይደርቃል።
ሽንቴም እንዲያ ነው አሉኝ፤ ባለፈ ቁጥር
ጨዉን በክሩ ጫፍ ሲያራግፍ፣ በላዩ ሲደርብ፣ ሲጠጥር።

ሽታዬ ደጅ ቆማ «አልጨረስክም?» ትላለች፤
እኔ ግድግዳ ይዣለሁ፤ ጠብታዋ መንገድ ላይ ቀርታለች።
ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል ሲሉን፣
አንዷ ብቻዋን እኔን!

ድንጋዩን ሲሰብሩት፣ መሐሉ ላይ፣ እንደ ኮክ ዘር፣
ጥቁር፣ አጭር፣ ሳይበሰብስ፣ ያው ሐር።
መነጽሬን አምጪ አልኳት ሲስተር ዝናሽን። ሦስት ዙር፣ ጥብቅ፣ ንጹሕ ቋጠሮ፤
ተቆጣጣሪ ሆኜ ባየው «አለፈ» እለው ነበር ድሮ።

«አሁንስ በምን ሰፋችሁኝ?»
«በሚሟሟ ነው አባቴ፤ በጥቂት ሳምንት ይጠፋል።»
የሚጠፋ ክር! ፋብሪካ ቢሆን ማን በጤናው ይቀበላል?
ጭነቱን ከነመኪናው መልሼ፣ ፎርማን ፊት እጮህ ነበር።
ዛሬ ግን ተጋድሜ «እሰይ» አልኩ፣
ስለማይዘልቅ ክር።