ተቀባዩ አልተገኘም

ሐኪሟ ነጭ ወረቀት እፊቱ ዘርግታ
«ሰዓት ይሣሉልኝ» አለችው በእርጋታ፣
«አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ይሁን።»
አባቴ በምራቅ አራሰ እርሳሱን፤
ክቡን አዞረው፣ ሳያነሣ ጣት፣
ከላይ «ጎንደር» ብሎ ጻፈ በቁም ጽሕፈት፣
ከሥሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት።

ማኅተም ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፒያሳ ፖስታ ቤት፣
ዷ! ዷ! እያደረገ ቴምብር የመታበት።

እኔ ሳቅሁ። ሐኪሟ አልሳቀችም።
ከጥጉ አንዲት ኤክስ አኖረች ቀስ ብላ፣
ሦስት ቃል ሰጠችው ደግሞ ከዚያ ኋላ፦
ወንበር። ሎሚ። መኪና።
«ይያዙልኝ አባ፣ እጠይቅዎታለሁ።»
በሁለት እጆቹ ተረከበ ቃሉን፣
እንደ አደራ ደብዳቤ፣ ፈትሾ ማኅተሙን።
አምስት ደቂቃ ሆነ።
ወንበሩ የለም። ሎሚው የለም።
«መኪና?» ስትለው ግን አንገቱን አቀና፦
«ቆዩኝ፣ የአሥመራው ገባ፤ ከረጢት አለና።»

«እርጅና ብቻ አይደለም» አለችኝ ለብቻ፣ ኮሪደሩ ላይ፣
«ሕመም ነው፣ አንጎልን እያደር የሚያሳሳ።
የዛሬው ቀድሞ ይሄዳል፤ የጥንቱ ይዘገያል።
ቢቆጣሽ፣ ልብሱን ገልብጦ ቢለብስ፣
አመል አይምሰልሽ።»
ጎረቤት ሌላ ሌላውን ይላል፦
ዓይነ ጥላ ነው፤ ጸበል ነው መድኃኒቱ፤
ልጅ ሆኖ ነው፣ ተዪው፣ ሽማግሌ አይደል?
አልተከራከርሁም። ጸበሉንም ወሰድሁት።
ጠጣ፣ አመሰገነ፣
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለ።

ቤት ውስጥ ያድላል።
የመብራቱን ደረሰኝ ከትራስ ሥር፣
ቁልፌን ከስኳሩ ጣሳ፣
አንድ እግር ካልሲ ከዳዊቱ መሀል።
ሁሉም ቦታ አለው፤
ቦታውን የሚያውቀው ነው የጠፋ።

«ጠጂቱስ?» ይለኛል ማታ ማታ።
እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ።
መጀመሪያ እውነቱን እነግረው ነበር።
መርዶ በወጉ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሽማግሌ ተይዞ፤
እኔ ግን ሽንኩርት እየላጥሁ፣ ብቻዬን፣ አሥራ አንድ ጊዜ።
አሥራ አንዴም አዲስ ነው።
አሥራ አንዴም ጋቢውን አዘቅዝቆ ተቀመጠ።
በአሥራ ሁለተኛው፣
«ቅዳሜ ገበያ ሄዳለች፣ ትመጣለች» አልሁ።
«ደብዳቤ ያስቀረ ከሌባ አንድ ነው»
ይል ነበር በደኅናው ጊዜ።
ሌባ ሆንሁ።
ራቱን በላ፣ ተኛ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናም እያካፋ፣
ሌሊት ከቤት ጠፋ።
ጎህ ሲል ሙላው ደወለ፣ የፖስታ ቤቱ ዘበኛ።
ከሳጥኖቹ ግድግዳ ፊት ቆሟል፣ ካፖርቱ ረጥቦ፣
የብረቱን በር በጣቱ እየዳሰሰ፦
«መቶ አራት፣ የወፍጮ ቤቱ።
መቶ አምስት፣ ባየልኝ ጠበቃ።
መቶ ስድስት፣ ያቺ ከልጇ የምትጠብቅ… አልመጣላትም።»
አንዱንም አልሳተም።

«እኔስ፣ አባዬ?»
ዞረ። አየኝ።
ትከሻውን አቀና፣ እንደዚያ እንደ መስኮቱ ጊዜ፦
«እርስዎን ማን ልበል?»

እርስዎ።
እሽኮኮ ያለኝ ሰው፣ እስከ ጃንተከል ዋርካ ድረስ።

«ፈንታነሽ» አልሁ፤ ድምፄ ግማሹ ቀረ፤
«ፈንታነሽ አጣናው።»
ስሙን ከስሜ ኋላ አስከትዬ ሰጠሁት፣
የላኪን ስም ከፖስታው ጀርባ እንደሚጽፉ።
ዝናሙ ይሁን ጆሮው እንጃ፣ አንዲት ፊደል ተዛባችበት፤
«አጣነው?» አለ ደንግጦ፣ «ምኑን ነው ያጣችሁት?»
ከዚያ በዚያ በዱሮው፣ ሰው በሚያሳርፍ ድምፁ፦
«አይዞዎት። ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።
እስቲ ሰኞ ይመለሱ።»

እሺ አልሁት።
ቀኑ ሰኞ ነበር።