ለስድስት አምስት ጉዳይ

ዊኒፔግ፣ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ሆቴሉ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣
በመሃል ምንጣፍ የለበሰ መንገድ።
እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ፤
አደራዳሪዋ ደልፊን ጫማዋን አውልቃ
በካልሲዋ ስትመላለስ አመሸች፤
የእኛን «እምቢ» ይዛ ሄዳ
የእነሱን «እናያለን» ይዛ መጣች።
ሽማግሌ ሲባል እኔ የማውቀው የተቀመጠ ሰው ነው፤
የዚህችኛዋ ዳኝነት እግሯ ላይ ነው።

ሰባት ወር የተነታረክንበት ወረቀት
አሁን አንድ አንቀጽ ቀርቶታል፦
አሥራ አራት ነጥብ ሰባት።
ስለ ደመወዝ አይደለም፤ ደመወዙ ማክሰኞ አለቀ፣
ማንም ሳይደሰት፣ እንደ ሻማ አለቀ።
ስለ ጫማ ነው። ስለ ጫማ ጥርስ፣
በረዶ ነክሶ ሰው የሚያቆም ብረት፣
ዋጋው ከሁለት ሰው ምሳ የማይደርስ።

እነሱ የጻፉት፦ «አሠሪው ሊሰጥ ይችላል።»
እኛ የጻፍነው፦ «አሠሪው ይሰጣል።»
በዚህች «ሊ» ላይ
የከተማው ፖስተኛ ሁሉ ቆሟል።

ሮሜልን ያዳለጠችው እሷ ናት፤
አምና በየካቲት፣ ሴልከርክ ጎዳና፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ።
ጉልበቱ እንደ ደረቅ ብስኩት ሲሰበር
ከቦርሳው የፈሰሰው የመብራት ቢል፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣
አንድ የልደት ካርድ ነበር።
ካርዱን ከበረዶው አንስቶ፣ በእጅጌው አብሶ፣
በደረቱ ተስቦ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።
«የሕፃን ነው፣» አለኝ ሆስፒታል፣ «ቀኑ ያልፍበታል።»
ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ፤
ይህን በየትኛው አንቀጽ እንደምጽፈው ጠፋኝ።

ኦክሳና፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣
ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ በመለየት የጠቆረ አውራ ጣቷን
ጠረጴዛው ላይ ተከለችው፦
«ሊ ካልወጣች እኔ እወጣለሁ።»
ማዶ ፕሪቻርድ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ፣
ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቷል።
ክፉ ሰው አይደለም፤
ያዘዙት ሰዎች ግን ተኝተዋል፣ ስልክ አያነሱም።

ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ልጆቹ በርሜል ውስጥ እሳት አንድደው፣
የሰልፉን ሰሌዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጠብቃሉ።
አድማ አማረኝ የሚል ማን አለ?
ሥራ ሲቆም ደመወዝ ይቆማል፤
ኪራይ ግን አድማ መትቶ አያውቅም።

ሰዓቱ ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል
ደልፊን ወንበር ላይ ወጣች፤
የግድግዳውን ሰዓት ገልብጣ
ባትሪውን ነቅላ እጄ ላይ ጣለች።
«ያዝልኝ። እስክንስማማ ስድስት አይሆንም።»
ፕሪቻርድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤
የእጅ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ፒዛ ነበር።
የሄደ፣ የመጣ፣ እንደገና የሄደ ነጠላ ሰረዝ ነበር።
ኦክሳና አንዴ አንቀላፋች፣ እስክሪብቶዋን እንደ ማንኪያ ጨብጣ።
ጎህ ሊቀድ ሲል ወረቀቱ ተመለሰ፦
«ሊ» የለችም።
በምትኩ ግን ጫፉ ላይ አዲስ ሐረግ በቅላለች፦
«ከኅዳር እስከ መጋቢት ብቻ።»
ሚያዝያ ላይ በረዶ እንደሚጥል
የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም።
ኦክሳና አነበበችው። ደግማ አነበበችው።
ፈረመች፤ አፏን ግን እንደ ፖስታ አሸገች።

አባላቱ ገና ድምፅ ይሰጡበታል፤ ሊጥሉትም ይችላሉ፣
«ሊ» እዚህም አለች።
እኔ ሳልተኛ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣
በሴልከርክ ጎዳና ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።
ወይዘሮ ኮስቲዩክ በሯን በስንጥቅ ከፍታ፦
«አድማው ቀረ?»
«ለጊዜው።»
«እንግዲያው ይህንን ውሰድልኝ፣»
ቴምብሩ ተጣሞ የተለጠፈ።
ደብዳቤዋን ልከት ኪሴን ስዳብስ
ከላስቲክ ማሰሪያዎቹ መሃል አንዲት ቀዝቃዛ ባትሪ።
እዚያ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ
አሁንም ለስድስት አምስት ጉዳይ ነው።
ዛሬውኑ ልመልሳት አሰብኩ፤
ከዚያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደረስኩና
ሁለቱንም እጆቼን ለመደገፊያው ፈለግኋቸው።