ኖራ

ይህን ላስቀድመው፦ እኔ ስም አልጻፍኩም፤
ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቀይ ቀለም አልነካሁም።
በፍየል ጠጉር ብሩሽ፣ በባልዲ ሙሉ ኖራ
ሰሌዳ ማንጣት ነው የኔ የሌት ሥራ።

ድሮማ ምን ነበር ሰሌዳው የሚለው?
የጨው ዋጋ ስንት ነው፣ ትርዒቱ መቼ ነው፣
ማን ለዳኝነት ቆመ፣ የማን በቅሎ ጠፋ፤
ሰው ቆሞ ያነባል፣ የወይራ ፍሬ እየተፋ።

ከዚያ አበጋዙ ከዘመቻ ተመለሰ።
የከተማው ወሰን፣ ያ የተቀደሰ፣
ጦር የታጠቀ እግር የማይረግጠው መስመር፣
አየሁት፤ ፈረሱ ሣር እየጋጠ ሲሻገር።
ነጎድጓድ አልመጣም። አማልክት ዝም አሉ።
ከኋላ የመጡት ችቦ አቀጣጠሉ።
ሸክላ ከጣራ ላይ የወረወረው ሰፈር
እስከ ሦስተኛው ቀን ጭሱ አልቆመም ነበር።

ሸንጎው ተሰበሰበ፣ በሩን ዘብ ይዞታል።
«አገር ታማለችና ሐኪም ያስፈልጋታል፤
ስድስት ወር ብቻ ስጡኝ» አለ በለሆሳስ።
ያስነጠሰ የለም፣ እንኳንስ የሚወቅስ።
ሃያ አራት መጥረቢያ ከፊት ከፊቱ ሄደ።
ስድስተኛው ወር አልቆ ሰባተኛው ነጐደ፤
ስምንተኛም መጣ። ጣቱን እያጠፈ
የሚቆጥር አልነበር፤ የቆጠረም አለፈ።

አንድ ሌሊት ጠሩኝ፤ «ወፍራም አርገህ ቅባ!»
ሲነጋ ሰሌዳው በቀይ ስም አበባ።
አርባ ስም። በማግሥቱ ሌላ ስልሳ።
የሚያነብ ሰው ነገረኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ፦
«ራሱን ቆርጦ ላመጣ ብር ይመዘንለት፤
የደበቀው ቢኖር በሱ ፋንታ ይሙት፤
ቤቱም ይሸጥበት።»

ወይራ የሚተፋ አልነበረም ያን ቀን።

ሮማ አምስት መቶ ዓመት በሕግ ኖራ ኖራ
ሞቷን ጻፉባት በኔው እጅ፣ በኔ ኖራ።

ፊደል አላውቅም ብያለሁ። አንዲት ቃል ግን አውቃለሁ።
ጌታዬ ዳኛ ፊት ጉንጬን በጥፊ ብሎ
«ሂድ፣ ነፃ ነህ» ሲለኝ፣
እንደ አሮጌ ካባ ስሙን አለበሰኝ።
ኑሚስዮስ።
ከዚያ ወዲህ ባንድ ስም ሁለት ሰው ነበርን፦
እሱ ባለ ርስቱ፣ እኔ ባለ ባልዲው።

ባሥራ አንደኛው ጧት፣ ከላይ አምስተኛ መስመር፣
ስሜ ቆሞ አየሁት፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበር።
የኔ ነው? የሱ ነው?
ብሩሹ በእጄ ነው፣ ኖራውም አላለቀ፤
አንድ ጊዜ ባስነካው ያ ስም በጠለቀ።
ወታደሩ ግን ቆሞ ደረቅ ዳቦ ያኝካል፣
መንጋጋው ሲፈጭ ዓይኑ እጄን ያያል።
ባልዲዬን አነሣሁ። ቤቴ ገባሁና
በሩን ቀረቀርኩት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ገና።

ማታ በር ተንኳኳ። አወቅሁት በድምፁ።
«ኑሚስዮስ» አለኝ፣ በስሜ፣ በስሙ።
«የኖራ ጉድጓድህ ደረቅ ነው ይላሉ፤
እስኪነጋ ብቻ። ሰዎቹ ያልፋሉ።»
ያ የጥንቱ ጥፊ ጉንጬ ላይ ነደደ።
ነፃነቴ ነበር፤ እሱም በሩ ላይ ቆሟል።

«እዚህ ኑሚስዮስ የሚባል የለም» አልኩት።
ዝም አለ። ቆየና፣ እግሩን ሲጎትት ሰማሁት።

በነጋው ራሱ ከሰገነቱ ሥር፣
ግንባሩ ላይ ዝንብ ሰፍሮ፣ ከሌሎቹ ጋር።
ጸሓፊው ሄሬኑስ ስሙን በመስመር ሰረዘና
«አንተ ትሆን ብዬ ሠግቼ ነበር» አለኝ፣ ሳቀ፤
«በል ባልዲህን ሙላ፣ ዝርዝሩ አላለቀ።»

አበጋዙ ሞተ ባልጋው ላይ፣ በእርጅና።
ሐውልቱን ዛሬ እርግብ ትቆሽሸዋለች፤
ሰሌዳው ወደ ጨው ዋጋ ተመልሷል።
የሰፈር ልጆች ግን ከበው ይጠይቁኛል፦
«ያን ዘመን በምን ኖርክ?»
«በኖራ» እላለሁ።
ይስቃሉ።

ሌሊት በስሜ የሚጠራኝ ሰው ቢኖር
ዛሬም በር አልከፍትም።