ጫፉ በእኔ ቤት

ኑግዛር ጎረቤቴ፣ ባቱሚ ወደብ ላይ
ሃያ ስምንት ዓመት ክሬን ላይ የኖረ፣
ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
ሰባት ዘንግ ታቅፎ ከቤቱ ጠብ ጀመረ።

ቤት ከተባለማ፦
አልጋው ግድግዳ ነው፣ ፍሪጁ በር ይዘጋል፤
አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው በየት ያልፋል?
ሚስቱ ጉሊኮ ወለሉን በክንዷ ለክታ
"አንድ ዘንግ ከገባ አንድ ወንበር ይውጣ" ብላ ነበር አሉ፤
ወንበሩ ወጣና፣ እየተፈራረቁ ቆመው ይበላሉ።

ሁለቱን ከበር ጀርባ በጫማ ክር አሰረ፤
ሁለቱ ከአልጋ ሥር፣ ከድንቹ ጆንያ ጋር ጎን ለጎን ተኙ፤
አንዱ መጋረጃ ተሸካሚ ሆኖ መስኮት ላይ ተቀጠረ፤
ስድስተኛው ጣሪያ ላይ፣ በሦስት ሚስማር፣
ክር መጠቅለያው ቁልቁል፣ እንደ ሌሊት ወፍ።
ጉሊኮ ትራሷን ወደ ግርጌ አዞረች፤
"ከወደቀ እግሬን ይስበረው፣ ፊቴ ገና ያስፈልገኛል" አለች።

ሰባተኛው ግን የአባቱ ቀርከሃ፣
እንደ ዛሬዎቹ የማይፈታ፣ የማይታጠፍ፣
ሽማግሌ ነገር፣ በቁመቱ የጸና።
በቁም ጣሪያ ከለከለው፣ በጎን ግድግዳ።
ከማዕዘን ማዕዘን ቢያጋድሙት
መኝታ ቤቱን ለሁለት ከፈለው፤
ጉሊኮ በላዩ ስትዘል፣ በሥሩ ስትሾልክ ከረመች።
በረንዳ እንዳይሉት ዝናብ አለ፤
የባቱሚ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ተከራይ ነው፣
ኪራይ የማይከፍል።

"ቁረጠው" አለው ልጁ በስልክ፣ ከፖላንድ።
ሌሊቱን መጋዙ ሲወጣ ሰማሁ፤ ግድግዳችን ስስ ነው።
ሲቆርጥ ግን አልሰማሁም።
ዝም። ዝም።
ከዚያ አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ አምስት ዓሣ በጋዜጣ፣ ኮፍያው በእጁ፦
"ማክቫላ፣ ከክፍልሽ አንድ ስንዝር አበድሪኝ።"

ስንዝር!
ባሌ ሹክሪ ከሞተ ወዲህ እኔ በቦታ የተንበሸበሽኩ፣
ሁለት አልጋ ለአንድ ጎን፣ ስድስት ብርጭቆ ለአንድ አፍ፣
ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ድምፅ የሚያስተጋባብኝ።
እሱን ቦታ አነሰው፤ እኔን ቦታ በላኝ።
"ውሰድ" አልኩት፣ "ሁለት ስንዝር ውሰድ።"

የወንድሙ ልጅ በድሪል በሳው፤ አቧራው ሾርባዬ ላይ ወረደ።
ከባሌ ፎቶ በታች ጫፉ ብቅ አለ፣
ቀጭን፣ ቢጫ፣ መንገድ የሚጠቁም ጣት መስሎ።
ለሳምንት ምንም አልሰቀልኩበትም፤ እንግዳ ነዋ።
በሁለተኛው ካልሲ። በወሩ መነጽሬን።

እናም እንዲህ ሆነ፦ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ
መነጽሬ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል፤
ኑግዛር ወደ ባሕር ሄደ ማለት ነው።
ረፋዱ ላይ ጫፉ ይመለሳል፣ እርጥብ፣
አንዳንዴም የዓሣ ቅርፊት እንደ ቀለበት አጥልቆ።
አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። አላስቀየርኩትም።

የካቲት ላይ፣ ባሕሩ ጠጠር መወርወር የጀመረ ቀን፣
ረፋዱ አለፈ። ምሳ አለፈ።
ቀዳዳው ጠቆረ።
ምን እንደማይ ሳላውቅ ተነሣሁና
ዓይኔን አስጠጋሁ፤
ከወዲያ የጉሊኮ ዓይን ነበረ።
አልተነጋገርንም።
ዓይን ለዓይን፣ መሀላችን አንድ ስንዝር ግድግዳ፣
ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፣
ተራ በተራ እየጨፈንን።

ደረጃው ላይ ቦት ጫማ። ሳል።
ዓይኗ ጠፋ።
እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ ጫፉ ሽው ብሎ ገባ፣
ጨው እያንጠባጠበ።
ከወዲያ ጉሊኮ ትጮኻለች፦
"ቀስ በል አንተ፣ የሰው ግድግዳ ታረጥባለህ!"